ሁለት ልጆች፣ አንድ ዋስ እና የሁለት ዓመት ፖስትዶክ፦ ልሂድ ወይስ ልቆይ?

የቆቦ ማሽላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የእናንተን ስታነብ የኖረች አንባቢ ነኝ። ዛሬ የራሴ ጉዳይ ስለጨነቀኝ ልጻፍ አልኩ።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ 36። ፒኤችዲዬን ባለፈው ዓመት ጨረስኩ፤ በማሽላና በአቀንጭራ ላይ። አቀንጭራን ለማታውቁ፣ ሐምራዊ አበባ ያላት ቆንጆ አረም ናት። ከላይ ሲያዩዋት ምንም አትመስልም። ከመሬት በታች ግን የማሽላውን ሥር ይዛ ትጠባዋለች። ገበሬው አበባዋን በሚያይበት ጊዜ ማሽላው ካለቀለት ቆይቷል።

አሁን ጀርመን ያለ አንድ ላብ የሁለት ዓመት ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚሠራ የምርምር ሥራ) ሰጥቶኛል። መልስ ለመስጠት የቀረኝ 25 ቀን ነው። የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ባንክ ውስጥ ይሠራል። እናቴ «ሂጂ፣ ለልጆቹ እኔ አለሁ» ትላለች። አማካሪዬ የነበሩት ፕሮፌሰር ደግሞ «ውጭ ካልሠራሽ ሲቪሽን ማን ያነበዋል? ግራንት የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የት የት እንደቆየሽ ነው» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ ተመልሰሽ ለማገልገል ግዴታ ፈርሚ፣ ዋስ አምጪ ይላል። ዋስ ሊሆነኝ የሚችለው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አራት ልጆች አሉት።

ልሂድ ወይስ ልቆይ? ያለፋችሁበት ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ።

ከቦን

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ጀርመን ከመጣሁ 9 ዓመት ሆኖኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቂያቸው። የሚከፍሉሽ በስቲፔንድ (በድጎማ) ነው ወይስ በሥራ ኮንትራት? እኛ ሀገር ሁለቱንም «ስኮላርሺፕ» እንላቸዋለን። እዚህ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ኮንትራት ከሆነ የጤና መድን፣ ጡረታና የሥራ አጥነት መድን አብሮ አለ። ስቲፔንድ ከሆነ ግብር የለውም፤ ጡረታም የለውም፤ የጤና መድኑን ራስሽ ነሽ የምታስተካክዪው። እኔ ይህን ሳላውቅ ፈርሜ የመጀመሪያውን ዓመት ተቸግሬ ነው ያሳለፍኩት።

ሌላው፣ «እዚያው እቀራለሁ» በሚለው ሐሳብ ብዙ አትመኪ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሕግ አለ። በምርምር ላይ በጊዜያዊ ኮንትራት መቆየት የሚቻለው ከዶክትሬት በፊት ስድስት ዓመት፣ ከዶክትሬት በኋላ ስድስት ዓመት ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ቋሚ ቦታ ካላገኘሽ በሩ ይዘጋል። ቋሚ ቦታው ደግሞ ጥቂት ነው። በ2021 የጀርመን ተመራማሪዎች ራሳቸው «እኔ ሐና ነኝ» እያሉ ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀለቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሐና የጀርመን የምርምር ሚኒስቴር ሕጉን ለማስረዳት በሠራው ቪዲዮ ላይ ያለች የፈጠራ ተመራማሪ ናት። ሕዝቡ «እኛ ነን ሐና» አለ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። ከሩቅ ሲያዩት የተደላደለ የሚመስለው ኑሮ ከሀገር ሀገር፣ ከኮንትራት ወደ ኮንትራት መንከራተት እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

ዋስ የነበርኩ

እኔ ስለ ዋሱ ብቻ ልናገር።

ለጓደኛዬ ዋስ ሆኜ ነበር። አብረን ያደግን፣ አንድ ዶርም የኖርን ልጅ ነው። ፈረምኩለትና ሄደ። ፒኤችዲውን ጨረሰ፤ አልተመለሰም። አንድ ቀን ከደመወዜ ላይ ተቆርጦ አየሁ። ሂሳብ ክፍል ሄጄ ስጠይቅ ወረቀት አወጡልኝ፤ የራሴ ፊርማ ነው። ሚስቴ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ሦስት ዓመት ተቆረጠብኝ።

ጓደኛዬን አልረግመውም። በዚያ ሰሞን ሀገር ውስጥ የነበረውን ሁኔታ አውቃለሁ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ። ግን አንድ ቀን ደውሎ «እንዲህ ሆኗል» አላለኝም። የጎዳኝ ያ ዝምታው ነው። ብሩን ከፈልኩት፣ አለቀ። ጓደኛዬን ግን አጣሁ።

እህቴ፣ ከመሄድሽ በፊት ወንድምሽን ቁጭ አድርጊና «ብቀር እንዲህ አደርጋለሁ፤ በወር ይህን ያህል እልክልሃለሁ» በይው። ጻፉት። ዘመድ ነን ብላችሁ አትለፉት።

የቆቦ ማሽላ (ጠያቂ)

@ዋስ የነበርኩ፣ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለመመለስ ቆርጫለሁ፤ ቢሆንም የጻፍከውን ለወንድሜ አንብቤለታለሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔም ይህን ልጠይቅሽ ፈልጌ አፍሬ ነው» አለኝ።

@ከቦን፣ ኮንትራት ነው። ጠየቅኳቸው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ። ላቡ «ለማሪ ኩሪ ፌሎውሺፕም (የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ድጋፍ ነው) አብረን እናመልክት» ብሎኛል። ፒኤችዲዬ ሳንድዊች (ከፊሉ እዚህ፣ ከፊሉ ውጭ) ስለነበር በድምሩ 11 ወር ስዊድን ቆይቻለሁ። ይህ ይከለክለኛል?

ከቦን

አይከለክልሽም። ሕጉ የሚያየው የምትሄጂበትን ሀገር ነው። ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ እዚያው ሀገር መኖር ወይም መሥራት የለብሽም። አንቺ የምታመለክቺው ለጀርመን ነው፤ የስዊድኑ አይቆጠርም። ልብ በይ ግን፣ መጀመሪያ በኮንትራቱ ጀርመን ገብተሽ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየሽ በኋላ ለጀርመን ካመለከትሽ ሕጉ ይይዝሻል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሌላው መስፈርት ከዶክትሬት በኋላ ያለሽ የምርምር ልምድ ከ8 ዓመት እንዳይበልጥ ነው። በወሊድ ያቋረጥሽው ጊዜ ይቀነስልሻል።

ነገሩን ካነሳሽው አይቀር፣ ይህ ሕግ ምን እንደሚል አስቢው። ለገንዘቡ ብቁ የምትሆኚው ሀገር በመቀየርሽ ነው። ልጅ ያለው፣ የታመመ ወላጅ የሚያስታምም ሰው ከሌላው እኩል አይወዳደርም ማለት ነው። ፕሮግራሙን አልጠላሁትም፤ እኔም የተጠቀምኩበት ነኝ። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ግን መነገር አለበት።

የሁለት እናት

ይህችን እህት እኔ ነኝ የማውቃት። ማለቴ፣ እኔም እሷው ነበርኩ።

ቤልጂየም 14 ወር ሄድኩ። ልጄን የሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ለእናቴ ሰጥቼው። በየማታው በስልክ እንገናኛለን። እናቴ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ ታስደግፈዋለች፣ እሱ ገንፎውን እየበላ ያየኛል። ስክሪኑን ይስማል። እኔም ደህና ነን እያልኩ እጽናናለሁ።

የተመለስኩ ቀን ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀ። እሺ፣ ይለምደኛል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ማታ ገንፎው ቀረበ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። ወደ እናቴ ዞሮ «እማን ክፈቺልኝ» አላት። ስልኩን እኮ ነው። እኔ እዚያው ነኝ።

ዛሬ 11 ዓመቱ ነው፤ ምንም አልሆነም፣ ጎበዝ ልጅ ነው። እኔ ግን ያንን ማታ አልረሳውም። ያወጣኋቸው ሦስት ፔፐሮች ጥሩ ናቸው። አሁንም ይጠቀሳሉ። ብትጠይቂኝ እንደገና እሄዳለሁ፤ ያለ ልጄ ግን አንድም ወር አልሄድም።

ስለዚህ ምክሬ ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ ነው። እናትሽ ደግ ናቸው፣ ይባረኩ። ነገር ግን ለ3 ዓመት ልጅ ሁለት ዓመት ማለት እስካሁን ከኖረው ዕድሜ ግማሽ በላይ ነው። የተመራማሪ ባለቤት ወደ ጀርመን ለመግባት እንደ ሌላው የቋንቋ ፈተና አይጠየቅም፤ ከገባ በኋላም መሥራት ይችላል። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው። የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬት፣ ትርጉም፣ ማረጋገጫ፣ የኢምባሲ ቀጠሮ። ወራት ይፈጃል። ዛሬ ጀምሪው። መልስ እስክትሰጪ አትጠብቂ።

ጡረተኛው ኬሚስት

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እኔም እንደ አንቺ በሳንድዊች ነው የተማርኩት። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የሳይንስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረ ነው። ለኬሚስትሪ፣ ለፊዚክስና ለሒሳብ ብዙ ሰው አፍርቷል። ግማሹን ዓመት እዚያ፣ ግማሹን እዚህ። ጥቅሙ ፒኤችዲው ብቻ አልነበረም። ወንበሬ እዚህ ስለነበር የምመለስበት ነበረኝ። ተማሪዎቼ አልተበተኑም። ብዙ ጓደኞቼ በሙሉ ስኮላርሺፕ ሄደው የቀሩት ሀገራቸውን ጠልተው አይደለም። አምስት ዓመት ቆይቶ የሚመለስ ሰው ቢሮው ለሌላ ተሰጥቶ፣ ኮርሱ ተወስዶበት፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪ ነው የሚጀምረው።

«ልሂድ ወይስ ልቆይ» ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ብሆን ጥያቄውን እንዲህ አድርጌ እጠይቀው ነበር። እዚያ ስሆን እዚህ ምን ይዤ እቆያለሁ? ተማሪ አለሽ? ማሳ አለሽ? ናሙናሽ የት ነው ያለው?

ስለ ናሙናው ልንገርሽ። ላባችን ውስጥ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚይዝ ፍሪዘር ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ናሙና አለበት። በፋሲካ በዓል መብራት ጠፋ። ጀኔሬተሩ አለ፤ ናፍጣ የለውም። ናፍጣ የሚያስፈቅደው ሰው በዓል ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስንከፍት ውሃው ከፍሪዘሩ ሥር እስከ ኮሪደሩ ወጥቷል። ትንንሾቹ ቱቦዎች ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ጽሑፍ ለቋል። አንዷ የማስተርስ ተማሪ ተንበርክካ አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄ የማን ነው? ይሄ የማን ነው?» ትላለች። ያቺ ልጅ ዛሬ ካናዳ ናት። ለምን ሄደች የሚለኝ ካለ ያንን ማክሰኞ እነግረዋለሁ።

እናም ልጄ፣ ግማሹን ዲኤንኤ እዚያ አስቀምጪ፤ ግማሹን እዚህ። ዘሩንም ሆነ ዲኤንኤውን ግን ዝም ብለሽ በሻንጣ እንዳትይዢ። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 (እ.ኤ.አ. 2006) መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልግሻል። የጀርመኑ ላብም ያለ ፈቃድ መቀበል የለበትም።

ኮድ ጸሐፊ

እኔ በኤአይ ዘርፍ ነኝ። ለመኖር ሳይሆን ለአምስት ቀን ኮንፈረንስ እንኳ መውጣት ስለማይችሉት ሰዎች አንድ ነገር ልበል።

ፔፐሬ ተቀባይነት አገኘ። ቪዛ ተከለከልኩ። ምክንያቱ «ወደ ሀገርህ ለመመለስህ በቂ ማረጋገጫ አላቀረብክም» የሚል ነው። ፖስተሬን አንድ የማላውቀው ኬንያዊ ሰቀለልኝ፤ ጎኑ ቆሞ ሲያስረዳ የሚያሳይ ፎቶ ላከልኝ። እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2018 ሞንትሪያል በተካሄደው ኒውሪፕስ የተባለ የኤአይ ጉባኤ ላይ ብዙ አፍሪካውያን ቪዛ ተከልክለው ቀርተዋል። ነገሩን በአደባባይ ያነሳው ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ የመሠረቱት ብላክ ኢን ኤአይ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው። ከዚያ በኋላ አይሲኤልአር የተባለው ትልቅ ጉባኤ የ2020ውን አዲስ አበባ ላይ ለማድረግ ወሰነ። እኛ ምን ያህል እንደተደሰትን! ቦሌ ወርዶ የሚመጣው እነሱ፣ በታክሲ የምንሄደው እኛ። ኮሮና መጣና ኦንላይን ሆነ። በ2023 ኪጋሊ ላይ ተደረገ። እኔ ኪጋሊ ሄድኩ። ያን ሁሉ ዓመት በኢሜይል የማውቃቸውን ሰዎች ቡና ስንጠጣ አገኘኋቸው። ሁለት ሥራ ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥቷል።

ሀገር ይቅደም

ሁላችሁም «ሂጂ» ነው የምትሉት። እኔ አትሂጂ እላለሁ። በዲፓርትመንታችን ካሉት ዶክተሮች የወጡት ከቀሩት ይበልጣሉ። አንድ መምህር አራት ኮርስ ይዞ እያስተማረ ምርምር የሚባል ነገር የለም። አንቺን ያስተማረሽ ገበሬው ነው። አቀንጭራ ያለችው ቆቦ እንጂ ጀርመን አይደለም።

የፍኖተ ሰላም ልጅ

@ሀገር ይቅደም፣ ቁጭትህ ይገባኛል። የአራት ኮርሱን ሸክም እኔም ተሸክሜዋለሁ። ግን አቀንጭራን ካነሳህ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታን አለማንሳት አይቻልም።

ዓለማያ ተማሩ። አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1978 ዶክትሬታቸውን ጨረሱ። ከዚያ አሜሪካ አልተቀመጡም። ሱዳን ገቡ፤ ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም ስር አምስት ዓመት ያህል ሠሩ። ድርቅ የሚቋቋመው ሀጊን ዱራ-1 የሚባለው ድቃይ ማሽላ በ1983 የወጣው እዚያ ነው። ወደ ፐርዱ የተመለሱት ከዚያ በኋላ ነው። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን የሠሩት እዚያው ባለው ላብ ነው፤ ዘሩ ግን ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ ሀገሮች ደረሰ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ። የአረሟን ዘር የሚቀሰቅሰው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ኬሚካል ነው። ያንን ለይቶ ለማወቅ ላብ ያስፈልጋል። ችግሩን ለማወቅ ደግሞ ማሳ ያስፈልጋል። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የእኔ ከተማ ልጅ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙም አሉ። ፍኖተ ሰላም ተወልደው ከዓለማያ እስከ ኮርኔል፣ ከዚያ ከ1992 እስከ 2007 ኮሎምቢያ። እዚያ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። ትተውት ናይሮቢ መጡ፤ ከ2013 እስከ 2023 ኢሲፔ የተባለውን የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። አዲስ አበባ አልተመለሱም ብለህ «ጠፉ» ትላለህ? ኢሲፔ ውስጥ ስንት ኢትዮጵያዊ ተማሪ እንደሠለጠነ የሚያውቅ እንዲህ አይልም።

ጡረተኛው ኬሚስት

@ሀገር ይቅደም፣ ወንድሜ፣ ተቃውሞህን አልንቀውም። እኔም እንዳንተ ስል ኖሬያለሁ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ግን አስባቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ግኝቱ የሀገር ውስጥ ነው። ያዩበት ዓይን የሠለጠነው ግን አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ነው። ነገር ግን የዓለም ተቋማት እንዲቀበሉት በውጭ ደረጃ የተሠራ የመርዛማነት ምርመራ ይምጣ ተባለ። ያንን ላብ እዚህ አልነበረንም። ዓመታት አለፉ። በ1989 ከዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖት ነበር። በዚያው ዓመት ዶ/ር መላኩ ወረደም ይህንኑ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው የመሩት የዘር ባንክ በ1976 ሲቋቋም ያገዘው የጀርመን መንግሥት ነው። ማሽላችን ከጀርመን ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም።

ትሪየስቴ የሄደ

ፊዚክስ ላይ ያለ ሌላ መንገድ ልጠቁም፤ ለቀሩትም ይጠቅማል።

ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም ከካምብሪጅ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1951 ላሆር ተመለሰ። የሚያነበው አዲስ ጆርናል የለም፣ የሚወያየው ሰው የለም። ሳይንሱን ወይም ሀገሩን መምረጥ ግድ ሆነበትና በ1954 ወጣ። ያ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበው ነበር። በ1964 ጣልያን ትሪየስቴ ላይ አይሲቲፒ የተባለውን የፊዚክስ ማዕከል ያቋቋመው ሌላው እንደ እሱ እንዳይመርጥ ብሎ ነው። በ1979 ኖቤል አገኘ። እዚያ ያለው የአሶሺየት ፕሮግራም አንተ ሥራህን ሳትለቅ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄደህ ለሳምንታት እንድትሠራ ያደርጋል። እኔ ሁለቱን ጨርሻለሁ። ክረምት እሄዳለሁ፣ መስከረም ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ልጆቼ አባታቸውን ያውቁታል።

ለባዮሎጂም እንዲህ ያለ ነገር አለ። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ልምድ ላላቸው ተመራማሪዎች ቆይታውን እስከ ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ ይሰጣል። ከተመለሱ በኋላም የመሣሪያ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል። እህቴ፣ ላቡን «ሁለቱን ዓመት አንድ ላይ ከማድረግ የማሳ ወራትን እዚህ ላሳልፍ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ቢበዛ እምቢ ይሉሻል።

ሀገር ይቅደም

እንዲህ ከሆነ ሌላ ነው። ማሳውን ሳትለቅ ከሆነ እኔም ተቃውሞ የለኝም። ተማሪዎችሽን የሚያግዝልሽ ሰው ከፈለግሽ እኔ ቆቦ አካባቢ ነው ያለሁት፤ ቅርብ ነኝ። መከታተል እችላለሁ። ከልቤ ነው።

የቆቦ ማሽላ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሳምንት ጠፋሁ፤ ወረቀት ስሯሯጥ ነው።

ለላቡ ኃላፊ ኢሜይል ጻፍኩላት። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ከሐምሌ እስከ መስከረም በሁለቱም ዓመት ቆቦ ልሁን። ሁለት የማስተርስ ተማሪዎቼ በፔፐሩ ላይ ይግቡ። ዲኤንኤው በሁለቱም ቦታ ይቀመጥ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው «ላክ» ያልኩት። በማግስቱ መለሰችልኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ክረምት ተስማምታለች፤ አቀንጭራ ያለችበትን ማሳ እሷም መጥታ ማየት ትፈልጋለች። ሁለተኛውን ዓመት በገንዘቡ እናያለን ብላለች። ተማሪዎቹ ላይ ምንም ችግር የለም አለች።

ከወንድሜ ጋር በወረቀት ተፈራርመናል። እናቴ ወረቀቱን አይታ «ወንድምና እህት እንዲህ ይደረጋል?» ብላ ተቆጣች። በኋላ ግን አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀመጠችው።

@የሁለት እናት፣ ያንቺን ጽሑፍ ለባለቤቴ ያነበብኩለት ማታ ነው። «እማን ክፈቺልኝ» ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ባለቤቴ ከባንኩ ያለ ደመወዝ ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ካልፈቀዱለት ይለቃል፤ እሱ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም። ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን።

@ሀገር ይቅደም፣ ቅርብ ከሆንክ ቅዳሜ ቆቦ እመጣለሁ። ማሳውን ላሳይህ። አበባዋ ገና አልወጣም።

ነገ ጠዋት የጋብቻ ሰርተፊኬቱን ለማረጋገጥ ወረፋ ልይዝ ነው። ሰው በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሰለፋል አሉኝ።

የሁለት እናት

በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሂጂ። ዋናውንም ኮፒውንም ያዢ፤ የልጆቹን ልደት ሰርተፊኬትም አብረሽ ጨርሺው።